ዳዊታቸውን ያልረሱ አባት ቁርሳቸውን ለምን ይረሳሉ?

ጥያቄ፦ «አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ መርሳት በዝቶባቸዋል፤ ቁርስ በልተው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ‹ዛሬ እህል አልቀመስኩም› ይላሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያደባልቃሉ፣ አንዱን ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ። ይሁንና በልጅነታቸው ከየኔታ የተማሩትን ዳዊት ‹ብፁዕ ብእሲ› ብለው ከጀመሩ ሳይደናቀፉ ይወጡታል፤ ነጠላቸውንም እንደ ጥንቱ አጣፍተው ይለብሳሉ። ወንድሜ ‹ሲፈልጉ ያስታውሳሉ፣ እያስመሰሉ ነው› ብሎ ይቆጣቸዋል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ‹ድብቁ አእምሮ ምንም ነገር አይረሳም፤ በሂፕኖሲስ (ሰውን በቃል እየመሩ እንቅልፍ መሰል ሁኔታ ውስጥ በማስገባት) የተዘጋውን የሚከፍት ሰው አውቃለሁ› አሉን። ማንን እንመን? እኔም ብሆን የባንክ ካርዴን የሚስጥር ቁጥር ጣቴ ያውቀዋል እንጂ በቃል ተናገሪ ብባል አልችልም። እኔንም እየጀመረኝ ይሆን?»

መልስ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል። ወንድምዎ የተሳሳቱት ትውስታ አንድ ብቻ ነው ብለው በማሰባቸው ነው፤ አንድ ቢሆንማ ዳዊቱን የያዘ ሰው ቁርሱንም መያዝ ስለነበረበት አባትዎ እያወቁ የሚያደርጉት ይመስላቸዋል። ዘመድዎ ደግሞ ያየነውና የሰማነው ሁሉ ሳይጎድል የተከማቸበት፣ ቁልፉን ያገኘ ሰው የሚከፍተው አንድ ጎተራ በውስጣችን እንዳለ ያምናሉ። እንዲህ ያለ ጎተራ የለም። ያሉት በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ላይ የተመሠረቱ፣ የሚማሩትም የሚጎዱበትም መንገድ የተለያየ በርካታ የትውስታ ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው «ትናንት ማን መጣ? ዛሬ ምን በላሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምናገኝበት፣ እያወቅን የምናስታውስበት ነው። ሌሎቹ የሚገለጡት በሥራ ነው፤ እጅ ሲሠራ፣ ምላስ ሲደግም፣ ሰውነት ሲደነግጥ ወይም አንድን ሰው ያለ ምክንያት ስንቀርበው። እነዚህ ባለቤታቸው መቼና የት እንደተማራቸው ቢረሳም ሥራቸውን አያቋርጡም።

ይህን ልዩነት ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገው ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ሕመምተኛ ነው። በ1953 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መድኃኒት ሊያቆመው ያልቻለ የሚጥል በሽታ ስለነበረበት፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሃርትፎርድ ከተማ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ፣ አዲስ ነገር ለመመዝገብ የሚያስፈልገውን ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል ከፊሉንና በአካባቢው ያሉ ክፍሎችን አወጣለት። የ27 ዓመት ወጣት ነበር። የሚጥለው በሽታ ቀነሰለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያጋጥመውን አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። አብሮት ሲጨዋወት የቆየ ሰው ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ቢመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀው ነበር። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ፣ በሁለት መስመሮች መካከል ሳይወጣ ኮከብ እንዲስል ጠየቀችው። በመስታወት አቅጣጫው ሁሉ ስለሚገለበጥ ሥራው ጤነኛውንም ያስቸግራል። ሞላይሰን ለሦስት ቀናት ሲለማመድ ስሕተቱ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ፣ እጁም እየተፍታታ ሄደ፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ በቀረበለት ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ሞክሮ እንደማያውቅ ይናገር ነበር። አይዋሽም ነበር። እጁ ተምሯል፤ መማሩን የሚመዘግበው ክፍል ግን ከአንጎሉ ወጥቷል።

ተቃራኒውም አለ፤ በእኔ አስተያየት ነገሩን የሚያስረግጠው ይህኛው ነው። በ1996 ባርባራ ኖልተንና ባልደረቦቿ በካርዶች ላይ ካሉት ቅርጾች ተነስቶ ዝናብ ወይም ፀሐይ እንደሚሆን መገመትን የሚጠይቅ ጨዋታ አዘጋጁ። ሕጉ ስለተወሳሰበ አስቦ የሚደረስበት አይደለም፤ ደጋግሞ በመሞከር ቀስ በቀስ የሚለመድ ነው። ሂፖካምፐሳቸውን ጨምሮ የማስታወሻ ክፍላቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ እምብዛም የሚያስታውሱት ባይኖርም ግምታቸው እየተሻሻለ ሄደ። ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለው የውስጠኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ) ሕመምተኞች ደግሞ ያዩትን ሁሉ በዝርዝር እያስታወሱ ጨዋታውን ግን ሊለምዱት አልቻሉም። አንደኛው ያለ ሌላኛው ሊጎዳ ከቻለ ሁለቱ አንድ ነገር ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ የአባትዎ ዳዊት አለመጥፋት ቁርሳቸውን ለማስታወስ እንደሚችሉ ማስረጃ አይሆንም።

ዳዊቱ ያልጠፋው በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው ዕድሜው ነው። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ ገና በ1881 እንዳስተዋለው፣ ትውስታ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ አዲሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ አሮጌው ይቆያል፤ አባትዎ በልጅነታቸው የያዙት፣ ዕድሜ ልካቸውንም የደገሙት ነገር ትናንት ከሰሙት ስም ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው ምክንያት የአያያዙ ዓይነት ነው። በቃል የተያዘ ንባብ አንዱ ቃል ቀጣዩን እየሳበ የሚወጣ ቅደም ተከተል ነው። ይህን በራስዎ ይሞክሩት፦ በፊደል ገበታ ላይ ከ«ደ» በፊት የሚመጣው ፊደል የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው «ወ፣ ዐ፣ ዘ፣ ዠ…» እያለ ተንደርድሮ ካልመጣ በስተቀር አይመልስም። አባትዎንም ከአንድ መዝሙር መካከል አንድ ስንኝ ጠቅሰው «ከዚህ በፊት ያለው ምን ይላል?» ቢሏቸው ወደ መጀመሪያው ተመልሰው መነሳታቸው አይቀርም። የዳዊት ንባብ ሙሉ በሙሉ ሳያውቁት የሚወጣ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ትርጉሙን ያውቃሉ፣ ልባቸውም ከንባቡ ጋር ነው። ክላይቭ ዌሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ በ1985 የአንጎል ኢንፌክሽን ካገኘው ወዲህ ጥቂት ደቂቃ እንኳ መያዝ ተስኖት ሳለ ፒያኖ መጫወትና መዘምራንን መምራት አላቃተውም። ዜማ፣ ንባብና የእጅ ሥራ በአንድ ወገን፣ የዕለቱ ውሎ በሌላ ወገን የሚቆሙባቸው እንዲህ ያሉ ሁኔታዎች ለሐኪም እንግዳ አይደሉም።

ስለ ቁርሱ ደግሞ ትክክለኛው አገላለጽ «ረሱት» እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ትውስታን ቀስ በቀስ በሚያጠፋው በአልዛይመር በሽታ ቀድሞ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሂፖካምፐስና አካባቢው ስለሆነ፣ የአባትዎ ችግር ይህ ከሆነ ቁርሱ ከመጀመሪያውም በወጉ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበውን በቁጣ ማውጣት አይቻልም። ቁጣው የሚያስከትለው ሌላ ጉዳት ግን አለ፤ ወንድምዎ ከዚህ መልስ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉ እንኳ ይህን እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የጄኔቫው ሐኪም ኤዱዋር ክላፓሬድ በ1911 እንደጻፈው፣ በየቀኑ የሚያያትን ነገር ግን ፈጽሞ የማታስታውሰውን አንዲት ሕመምተኛ ሲጨብጣት በጣቶቹ መካከል በደበቀው መርፌ ወጋት። በኋላ እጁን ሲዘረጋላት መርፌውን ባታስታውስም እጇን ሰበሰበች። (ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም፤ መከልከሉም ደግ ነው።) በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ሂፖካምፐሳቸው በተጎዳባቸው ሰዎች፣ በ2014 ደግሞ በአልዛይመር ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁራጮች አሳዩዋቸው። ተመልካቾቹ ያዩትን ፊልም ብዙም ሳይቆዩ ረሱ፤ ኀዘኑ ወይም ደስታው ግን አብሯቸው ቆየ። ስለዚህ ወንድምዎ ጠዋት ቢቆጡ አባትዎ የተባሉትን ይረሱታል፤ የከፋው ስሜት ግን ምክንያቱ ሳይገባቸው አብሯቸው ሊቆይ ይችላል። ከሰዓት በኋላ «ዛሬ ምን ሆነው ነው የተነጫነጩት?» የሚባለው አንዳንዴ መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሂፕኖሲሱ ልምጣ። «አእምሮ ምንም አይረሳም» የሚለው እምነት የተስፋፋው በከፊል ዋይልደር ፔንፊልድ በሞንትሪያል ካደረጋቸው ቀዶ ሕክምናዎች ነው፤ ሕመምተኛው ነቅቶ እያለ የአንጎሉ ጎን በደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካ፣ አንዳንዶች ያለፈ ነገር ፊታቸው የመጣ ያህል ይናገሩ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ከታከሙት ውስጥ ጥቂቶች ነበሩ፤ የተናገሩትም በእርግጥ የደረሰባቸው ስለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረም። ሂፕኖሲስ ሰውን ያዝናናል፣ ለአንዳንድ ሕመም ማስታገሻ ሆኖም ያገለግላል፤ ትውስታን በተመለከተ ግን የሚጨምረው የሚነገረውን ብዛትና የተናጋሪውን እርግጠኝነት እንጂ እውነተኛነቱን አይደለም። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ዣክሊን ፒክሬል በ1995 ባወጡት ጥናት፣ በልጅነታቸው በገበያ አዳራሽ ጠፍተው እንደነበር በሐሰት ከተነገራቸው 24 ሰዎች ሩቡ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል «አስታወሱት»። ለዚህ ሂፕኖሲስ እንኳ አላስፈለገም። የማስታወስ አቅማቸው በተዳከመ አረጋዊ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄና ግፊት ቢደረግ፣ ባልተደረገ ነገር ሰው እስከ መክሰስ ሊያደርስ ይችላል፤ የርስትና የኑዛዜ ጉዳይ ያለበት ቤተሰብ ከሆነማ ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ አባትዎንም ለዚህ አታቅርቡ።

ዘመድዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል። ያንን አባባል እውነት ያስመሰለባቸውም ራሱ ሳናውቀው የሚሠራው ትውስታ ሳይሆን አይቀርም፦ ሊን ሃሸርና ባልደረቦቿ በ1977 እንዳሳዩት፣ አንድን አባባል ደጋግሞ የሰማ ሰው፣ ከማን እንደሰማው ቢረሳም እንኳ፣ ከዚህ በፊት ካልሰማው ይልቅ እውነት ይመስለዋል። በቴሌግራም ከአሥር ቦታ የደረሰን ወሬ የምናምነውም በዚሁ መንገድ ነው። «ድብቅ አእምሮን ማዘዝ» እየተባለ የሚሸጠው ሥልጠና የሚጠቀምበት አንድ እውነት ቢኖር ይኸው ነው፤ በእንቅልፍ ላይ የሚሰማ ቅጂ ቋንቋ ያስተምራል የሚለው ግን አልተረጋገጠም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት አባትዎ በነርቭ ወይም በአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይታዩ፤ እስካሁን ስለ ምርመራ አልጻፉልኝምና አልዛይመር ነው ብዬ አልደመድምም። መርሳትን ከሚያመጡት ነገሮች መካከል ሊታከሙ የሚችሉ አሉ፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም በአረጋውያን ዘንድ ቀላል ከሚመስል መውደቅ ሳምንታት በኋላ ሊታይ የሚችል በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የሚጠራቀም ደም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወድቀው እንደሆነም ተናገሩ። የመስማት ችግር ካለባቸው ይህም ይታይ፣ ያልተሰማ ነገር አይመዘገብምና። መርሳቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ቢብስ፣ መቀባዠር ወይም ትኩሳት ቢጨመርበት፣ አንድ ጎናቸው ቢደክም ወይም ንግግራቸው ቢንተባተብ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

በቤት ውስጥ ያለው ሥራ ደግሞ አባትዎ በሚጠየቁበት ሳይሆን በሚሠሩበት ትውስታ ላይ መደገፍ ነው። «እኔ ማን ነኝ? ስሜን ይንገሩኝ እስቲ» እያሉ መፈተን ይቁም፤ የልጅ ልጅ ሲገባ «አያቴ፣ እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ስሙን ቀድሞ ይናገር። ይህ ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ አይደለም። አለን ባድሌይና ባርባራ ዊልሰን በ1994 እንዳሳዩት፣ የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ገምቶ ከሚሳሳት ይልቅ ትክክለኛው መልስ ቀድሞ ቢነገረው በተሻለ ይማራል። እኛ ስንሳሳት መሳሳታችንን አስታውሰን እናርማለን፤ እሳቸው ግን መታረማቸው ይጠፋባቸውና ከአፋቸው የወጣው ስሕተት ራሱ ልማድ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ነገር ማስለመድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ መድኃኒቱ ከየት እንደሚነሳ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ እጃቸውን ይዛችሁ በየቀኑ አድርጉት። ሳምንታት ይወስዳል፤ የሚለመደውም ያው የተለማመዱት ነገር ብቻ ነው፣ ዕቃው ወደ ሌላ መደርደሪያ ከተዛወረ እንደገና መጀመር ሊኖርባችሁ ይችላል። ለቁርሱ ክርክር አያስፈልግም፤ ከበሉ በኋላ ሳህኑን ቶሎ አታንሱት፣ «አልበላሁም» ሲሉም «በልተዋል እኮ» ከማለት ይልቅ ትንሽ ቆሎ ወይም ሻይ አቅርቡላቸው፤ የስኳር ሕመም ካለባቸው መጠኑን ሐኪሙ ይንገራችሁ።

በአገራችን በጣም የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ልጆች ሸክሙን ለመካፈል ሲሉ አባትን ወይም እናትን በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም እንዲህ ላለ ሕመምተኛ ጎጂ ነው። በራሳቸው ቤት ሌሊት ተነስተው ሽንት ቤት የሚደርሱት እግራቸው መንገዱን ስለሚያውቅ ነው፤ በማያውቁት ቤት ያ እውቀት ዋጋ የለውም፣ ይደናገጣሉ፣ ይወድቃሉም። የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር፣ አቅም እስከፈቀደ ድረስ አባትዎ በለመዱት ቤት ይቀመጡ፣ ተራ የሚገቡት ልጆች ይሁኑ። ዳዊታቸውንም በለመዱት ሰዓትና ቦታ ይድገሙ። ዳዊት መድገማቸው የቁርሱን ትውስታ አይመልስም፣ በሽታውንም አያቆምም፤ ነገር ግን በቀኑ ውስጥ ማንም ሳያርማቸው የሚሠሩት ሥራ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ገደቡንም ላስረዳ። የእጅ ልማድ መቆየቱ ቤተሰብን የሚያታልልበት ጊዜ አለ። መኪና የሚነዱ ከሆነ ማርሽና መሪ እንደ ድሮው መያዛቸውን አይታችሁ አትመኑ፤ መንዳት ልማድ ብቻ አይደለም፣ ሕፃን ድንገት መንገድ ሲገባ በቅጽበት መወሰንን ይጠይቃል፣ በሽታው የሚጎዳውም ይህንኑ ነው። ሐኪም አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ መንዳት ይቅር። ጋዝ ምድጃና ከሰልም እንዲሁ፤ መለኮሱን እጃቸው ያውቃል፣ መለኮሳቸውን ግን ይረሱታል። በሽታው እየገፋ ሲሄድ እነዚህ ልማዶችም መላላታቸው አይቀርም፣ ነጠላ ማጣፋቱም ዳዊቱም። ያኔ «ትናንት ይችሉት የነበረውን ዛሬ ለምን ተዉት?» የሚል አዲስ ጠብ እንዳይነሳ ከወዲሁ ቤተሰቡ ይወቀው።

የእርስዎ የሚስጥር ቁጥር ጉዳይ የበሽታ ምልክት አይደለም። በ2014 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በፍጥነትና በትክክል የሚተይቡ ሰዎች ባዶ የኪቦርድ ሥዕል ተሰጥቷቸው ፊደላቱን በየቦታቸው አስቀምጡ ሲባሉ በአማካይ በትክክል ያስቀመጡት 15 ያህሉን ብቻ ነው፤ ጣታቸው የሚያውቀውን አፋቸው አያውቀውም። ልማድ ሲጠናከር በቃል የነበረው እየተረሳ መሄዱ የተለመደ ነው። የሚያሳስበኝ ቢሆን ኖሮ በሚያውቁት ሰፈር መንገድ መሳት፣ ያንኑ ጥያቄ መደጋገም፣ ወይም በቅርቡ የተደረገ ጭውውት ከነመደረጉ መጥፋት ነበር። ጣትዎ የለመደው የቁልፎቹን አቀማመጥ ስለሆነ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ሌላ በሆነበት ሰሌዳ ላይ ሊስቱ ይችላሉ፤ በኤቲኤምና በስልክ 1 ከላይ ሲሆን በካልኩሌተርና በኮምፒውተር ኪቦርድ የጎን ቁጥሮች ግን ከላይ ያለው 7 ነው። ማሽኑ ፊት ቆመው ከተደናገሩ አስበው ለመገመት አይሞክሩ፣ ደጋግሞ መሳሳት ካርዱን ያሳግዳልና። ወደ ቤት ተመልሰው የኤቲኤሙን የቁጥር ሰሌዳ በወረቀት ይሳሉ፣ ሌላ ነገር እያሰቡ ጣትዎን እንደ ልማድዎ ያንቀሳቅሱ፣ የነካቸውን ቁጥሮች በቃልዎ ይያዙና ወረቀቱን ይቅደዱት።